ጎማዬ ተራ ያዘ

ቢቸና፣ ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፫

የተከራየኋት የኤሌክትሪክ መኪና ከሞጣ ስመለስ ቻርጇ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። የቤቴ መስመር ኃይሉ ስለማይበቃት በቀጥታ ኃይለኛ መስመር ወዳለው ወፍጮ ቤት ወሰድኳት። ባለወፍጮው ጋሼ ምናሉ፣ «እንደ ሰው ሁሉ ተራ ያዢ» አሉኝ። ሰው ሁሉ ተራ የሚይዘው በጆንያው ነው። እኔ ምን እህል አለኝ? ትርፍ ጎማዬን አውርጄ ከጆንያዎቹ ኋላ አጋደምኩት። ሴቶቹ ሳቁ። አንዷማ፣ «ይሄስ ይላም ወይስ ይሸርከት?» አለችኝ። ይሳቁ!

ዘግይቶ የመጣ ሰውዬ ጆንያውን ከጎማዬ ፊት ሊያስቀምጥ ሲል ግን ያችው ሴት፣ «ጎማው ይቀድምሃል!» ብላ ጮኸችበት።

ተራዬ ሲደርስ ወንድሜ ደወለ። «ለእኛ አገር አትሆንም፣ ለባለቤቱ መልሻት» እያለ ስንት ጊዜ ነዝንዞኛል።

«መለስሻት?» አለኝ።

«ተራዬ ደርሷል» ብዬ ዘጋሁበት።