ታላቅ ሆድ ውስጥ የቀረው ማህደር

ሰኞ፣ ግንቦት 4፣ ጠዋት 2፡40

የትናንቱ ነጎድጓድ መብራቱን ሦስት ጊዜ አጥፍቶ መልሶታል። ሰርቨር ክፍል ስገባ ታላቅ ሞቷል፤ ታናሽ ብቻውን ይሠራል። (ሁለቱን ሰርቨሮች እንዲህ ብዬ እንደምጠራቸው የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ፣ ማስታወሻዬ።) አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሥራውን ይረከባል። ፋይሎቹ ሁለቱም በሚደርሱበት የጋራ ዲስክ ላይ ናቸው፤ ሠራተኛው አይሰማውም። ዛሬም አልተሰማውም። ደስ አለኝ፣ ኮራሁም። የታላቅ ፓወር ሰፕላይ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያቀብለው ዕቃ፣ ተቃጥሏል። ከአዲስ አበባ እንዲላክ ጻፍኩ።

5፡15። ለመኩራት ቸኮልኩ። አንድ ፎልደር የለም። የሸርቆሌ ገበሬዎች የይዞታ ማህደር። ጋሽ ረመዳን ከመዝገብ ክፍል፣ ዓመት ከመንፈቅ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ስካን ያደረጉት። ሌላው ሁሉ በቦታው አለ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

አስቸኳይ ስብሰባ። የመሬት ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ ተሾመ ምን ተፈጠረ አሉኝ። ሲስተሙ ደህና ነው፣ የሰው እጅ ነክቶት ይሆናል አልኩ። በልበ ሙሉነት! ያንን ፎልደር የሚከፍቱት ጋሽ ረመዳን ብቻ ናቸው። ዓይን ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ተነሡ። በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው «እኔ ነክቶ ይሆናል። አፉ በሉኝ፣ ሥራ አይቁም» አሉ።

ቃለ ጉባኤው ላይ «ጥፋታቸውን አምነዋል» ተባለ። ከኮምፒውተር ተነሥተው ንብረት ክፍል እንዲሠሩ ተወሰነ። ጡረታ ሊወጡ ዓመት አይሞላቸውም። ሁላችንም ፈረምን።

ማታውኑ ከነከነኝ። እሳቸው እኮ ጣሪያው ሲያፈስም አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላሉ። ባለፈው ሾፌሩና ጸሐፊዋ ሲጨቃጨቁ መሀል ገብተው ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ነበሩ። በእሳቸው አገር ባህል ትልቅ ሰው ጠብ የሚያበርደው እንደዚያ ነው። እኛ ደግሞ መዝግበን አስፈረምናቸው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7፣ 9 ሰዓት

እያንዳንዱ ፎልደር ሲፈጠር የት እንደተቀመጠ የምጽፍበትን ደብተር አወጣሁ። ሁሉም የጋራ ዲስክ ላይ። የሸርቆሌው ብቻ ሲ ድራይቭ ላይ፤ ማለትም የታላቅ የግል ዲስክ ላይ፣ ታናሽ በማይደርስበት። እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ። ቀኑን አየሁት፤ የበዓል ዋዜማ ነው። እናቴ ጋ ባምባሲ ልሄድ፣ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ስጣደፍ።

እንግዲህ ማንም አልሰረዘውም። ታላቅ ሆድ ውስጥ ተኝቷል። ጋሽ ረመዳን ምንም አልነኩም።

ደብተሩን ዘጋሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ዕቅድ አለኝ። ዕቃው ሲመጣ ታላቅን አስነሣለሁ፣ ፎልደሩን ወደ ጋራው ዲስክ አዛውራለሁ፣ አገኘሁት እላለሁ። ማን ይጎዳል? ይኸው፣ ጽፌው ሳየው ራሱ ያስጠላል።

በንብረት ክፍል በኩል አለፍኩ። ጋሽ ረመዳን አሮጌ ወንበሮች ላይ መለያ ይለጥፋሉ። መነጽራቸው አቧራ ጠጥቷል። ሲያዩኝ ብድግ ብለው ሰላም አሉኝ፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። አፈርኩ። ስመለስ በሌላ በር ዞርኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13፣ 10 ሰዓት

ዕቃው መጣ። ታላቅ ተነሣ። ማህደሩ አለ፣ አንድ ገጽ አልጎደለም። አቶ ተሾመ በሠራተኛው ፊት አመሰገኑኝ። ተጨበጨበልኝ። ፈገግ አልኩ እኮ! ስለ ጋሽ ረመዳን ሲጠየቁ ግን፣ ሰውየው አርጅተዋል፣ እዚያው ይሻላቸዋል አሉ።

ወዲያው ጋሽ ረመዳን ቢሮዬ መጡ። በፌስታል ማንጎ ይዘው፣ ከጓሯቸው። «ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ። እኔ አበላሸ፣ አንቺ አዳነ።»

በቃ፣ አሁን እሳቸውም አምነውታል። ማንጎው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አልነካሁትም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14፣ ምሳ ሰዓት

ፎልደሩን አላዛወርኩትም። ቅጂ ያዝኩና እዚያው ሲ ድራይቭ ላይ ተውኩት። አቶ ተሾመን ለነገ 3 ሰዓት ሁሉንም ይሰብስቡልኝ ብያለሁ፤ ጁምዓ ሳይገባ እንድንጨርስ። ለምን አሉኝ። ስለ ማህደሩ የማሳየው አለ አልኩ። ሌላ ሽልማት የፈለግሁ መሰላቸው።

ጋሽ ረመዳን በድሮ ወንበራቸው ይቀመጣሉ። ፎልደሩን ይከፍታሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ። ታላቅን አጠፋለሁ። ማንም ሳይነካው፣ ሁሉም እያየ ይሰወራል። ማን የት እንዳስቀመጠው እናገራለሁ። ከዚያ ቃለ ጉባኤው ይምጣ፤ ያቺ «አምነዋል» የምትለው መስመር ትሰረዝና የኔ ስም ይግባ። የሚመጣው ይምጣ።

የምፈራው አንድ ነገር ነው። ገና ስጀምር ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ስለ እኔ አፉ በሏት እንዳይሉ። ያኔ ነገሩ በይቅርታ ይዘጋና ያቺ መስመር ሳትሰረዝ ትቀራለች። ስለዚህ ማሳየቱ ይቆይ። መጀመሪያ እናገራለሁ፣ እሳቸው ቁጭ እንዳሉ።