ጫማህን አውልቅ

ጥር 12
ቀኑን ሙሉ የዘጠነኛ ክፍል ፈተና ሳርም ዋልኩ። ራሴን አመመኝ። ከሰዓት ናስር ደወለ። እኔ የጻፍኩት፣ እሱ የቀረጸው አጭር ፊልም ለፌስቲቫሉ ተመርጧል! እዚሁ ሐረር፣ በሰው ፊት ሊታይ! ጮህኩ። አከራዬ እማማ ፈቲያ እባብ የገባ መስሏቸው መጥረጊያ ይዘው ሮጠው መጡ። ነገርኳቸው። እልልታቸው ኤረር በር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እናቲቱን የተጫወቱት እሳቸው ናቸዋ።
ችግሩ... ከፊልሙ ቆርጬ እንዳወጣኋቸው አያውቁም።

ጥር 14
ጨርሼ አላወጣኋቸውም እንኳ። ታሪኩ ከዓመታት በኋላ ቤቱ ስለሚመለስ ልጅ ነው። እናቱ አቅፋው እያለቀሰች ብዙ ታወራለች... ብዬ ነበር የጻፍኩት። እማማ ፈቲያ በቃላቸው ያዙት። ግን እንዴት አሉት? እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ! በየመሀሉም ካሜራውን ያያሉ። ልጁን የሚጫወተው አንዋር ትከሻቸው ላይ ተደፍቶ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።
በሌላኛው ቀረጻ አንዋር ረስቶ ምንጣፍ የተነጠፈበት መደብ፣ ነደባው ላይ በጫማ ወጣ። እማማ ፈቲያ ስክሪፕቱን እዚያው ረሱት።
"አንተ! ምንጣፌ ላይ? ጫማህን አውልቅ! ወላሂ እግርህን ነው የምቆርጠው!... ደግሞ ምን ሆነህ ነው የከሳኸው? ቁርስ በልተሃል?"
ናስር ካሜራውን አላጠፋም። ከእሳቸው የቀረው ይኸው ብቻ ነው።
ልንገራቸው?

ጥር 17
ልነግራቸው ወጣሁ። አዲስ ሻሽ እየሞከሩ ነበር።
"መቅደስዬ፣ የእህቴ ልጆች ከሶፊ ወረዳ ይመጣሉ። ከሐኪም ጋራ ሰፈርም የሚመጡ አሉ። ሳለቅስ ታዩኛላችሁ ብያቸዋለሁ።"
"ሻሹ ያምርብዎታል" ብዬ ተመለስኩ። ፈሪ!

ጥር 21
ታየ። እማማ ፈቲያ ፊት ወንበር ላይ፣ ዘመድ ከኋላቸው ተደርድሮ። "ጫማህን አውልቅ!" ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። "ቁርስ በልተሃል?" ሲሉ ግን ጸጥ። አንድ ሰው አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁ።
እማማ ወደ እኔ ዞሩ። "ለቅሶዬስ?" አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። ፊልሙ አላለቀም እኮ!
"ቆረጥኩት።"
"እኔን?"
ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ መለሱ። ምርጥ ረዳት ተዋናይት ተብለው ሲጠሩ እንኳ ዘመድ ነው ገፍቶ ያስነሣቸው። ማይኩን ይዘው፣ "እኔ የምሬን ተቆጥቼ ነው። ትወናዬን ይህቺ ልጅ ጥላዋለች" አሉ። ጭብጨባው! ሰዉ የሚቀልዱ መሰለው። ዓይናቸውን ያየሁት እኔ ነኝ...

ጥር 22
ሰላምታ የለም። ዋንጫው መስኮታቸው ላይ ቆሟል። ጀርባውን ለክፍሌ ሰጥቶ። ሆን ብለው ይሆን?

ጥር 24
አላስቻለኝም። ላፕቶፔን ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። የተቆረጠውን ሁሉ አሳየኋቸው። ለቅሶው ላይ ሲደርስ ጠጋ አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።
"አጥፊው። ይቺ ሴትዮ ማን ናት?"
"እርስዎ ነዎት፣ እማማ።"
"አዑዙ ቢላህ!"
ሳቃቸው ፈነዳ። የኔም። እንባችን እስኪወርድ።
"ጥሩ አድርገሽ ነው የቆረጥሻት" አሉ። ከዚያ እጄን ጠበቅ አድርገው፣ "ግን ዘመድ ከመጥራቴ በፊት መንገር ነበረብሽ።"
"ነበረብኝ። ይቅርታ።"

የካቲት 2
አዲስ ስክሪፕት ጀመርኩ። የእናቲቱን ንግግር ባዶ ተውኩት።
ጠዋት ደረጃው ላይ ውኃ ደፋሁ። እማማ ፈቲያ ወጥተው ተቆጡኝ... እንዴት ያለ ቁጣ! ሲጨርሱ ፀጉራቸውን ወደ ሻሹ መለስ አድርገው ግቢውን ቃኙ።
"ናስርን ከነካሜራው የት ደበቅሽው?"
"የለም፣ እማማ። አልመጣም።"
"የለም?" አሉ በጣም አዝነው። "ታዲያ ይሄን ሁሉ ቁጣ በባዶ ነው ያወጣሁት?"