ጨው የሌለው ርዕስ

ለውድ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎስ ተሻለዎት? መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰክተው ቤተሰቡን ሁሉ ፍለጋ ያሰማራሉ ወይስ ዘንድሮ ትተውታል? እኔ እጄ ዘይት ዘይት ከመሽተቱ በቀር ደህና ነኝ።

ከእርስዎ ሱቅ ወጥቼ ሌላ ሰው ሱቅ ከተቀጠርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የላክሁልዎት ደብዳቤ ሁሉ መልስ ያጣው ተቀይመውኝ እንደሆነ አውቃለሁ። እማዬም በስልክ ስጠይቃት አባትሽ ደህና ነው ከማለት አታልፍም። ዛሬ ግን ደስ ብሎኛልና ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

የምሠራው ያው እርስዎ ያስተማሩኝን ነው፤ የስፌት መኪና ጥገና። አለቃዬ፣ ሜትር ከአንገቷ ስለማይወርድ ሜትሬ የምንላት፣ ደንበኛ እንዲበዛ በሱቁ ብሎግ ላይ ስለ ጥገና ጻፊ አለችኝ። የእርስዎ ልጅ አይደለሁ? ቀልድ ያልገባበት ነገር አይጥመኝም። አልዞርም ብላ ስለተቆለፈች መኪና ጻፍኩና ርዕሱን «ስታኮርፍ አትጎትቷት» አልኩት። ራሴ ጽፌ ራሴ በሳቅ ፈረስኩ።

ይኸውልዎ፣ ባለትዳር ወንድ ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣ! አንዱ፣ እኔ ጎትቻት አላውቅም፣ ግን ካኮረፈች አራት ቀኗ ነው፣ ምን ይሻለኛል ብሎ ጻፈ። ሌላው ደግሞ ዘይት ጠብ አድርገው ይተዉዋት የሚለውን ምክር ምን ብሎ እንደተረጎመው እንጃ፣ ነገሩ ብሶብኛል አለ። የስፌት መኪና ያለው ሰው ግን ለመድኃኒት ታጣ። ሜትሬ አብራን ስቃ ስታበቃ ኮስተር አለችና፣ መኪናዋ ያስቸገረቻት ሴት የምትጠይቀውን ጥያቄ ራሱን ርዕስ አድርጊው አለችኝ። እያረርኩ «የስፌት መኪና ክር ሲበጥስ ምን ይደረጋል?» ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ ሦስት ሰፊዎች መኪናቸውን አሸክመው ከች አሉ።

ባለፈው ሰኞ ከአስተያየቶቹ አንዱን ሳነብ ክው አልኩ። «ትምህርቱ፡ደኅና፡ነው።ርዕሱ፡ግን፡ጨው፡የለውም።ክሩን፡ከመንካት፡በፊት፡መርፌው፡ተገልብጦ፡እንዳልገባ፡ይታይ።» ይላል። ስም የለበትም። ግን አባባ፣ በዚህ ዘመን ስልክ ላይ በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ እየጣለ የሚጽፍ ከእርስዎ ሌላ ማን አለ? እየሳቅኩ እንባዬ መጣ። ሜትሬ ምን ሆንሽ ብትለኝ፣ አባቴ ታረቀኝ አልኳት።

እማዬን ደውዬ ሳፋጥጣት ሁሉን ዘረገፈችው። ለካ እኔ መልስ አጣሁ ብዬ ስብሰለሰል እርስዎ ማታ ማታ የስፌት መኪና ጥገና እያሉ በስልክዎ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉኝ ነው የከረሙት! በቀልዱ ርዕስ እስከ ዛሬም አያገኙኝም ነበር። ስለዚህ አይቆጡኝ፣ ርዕሱን አልለውጠውም። የመርፌውን ነገር ግን ልክ ነዎት፣ ረስቼው ነበር፤ ያኔውኑ አስገብቼዋለሁ።

ስለ ታችኛው ክር የጻፍኩትን ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ከመታተሙ በፊት እንደ ድሮው በቀይ እስክሪብቶ ይሞነጫጭሩልኝ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ሚስጥር አለመቻሏ ጠቀመኝ ይበሉልኝ። ታናሽ እህቴን፣ መቀሴን የወሰደችው እሷ መሆኗን ደርሼበታለሁ፣ ግን በጣም ትናፍቀኛለች ይበሏት። ለአያቴ ጮክ ብለው ሰላም ይበሉልኝ፣ አለበለዚያ አትሰማም። ሱቅ ውስጥ ያለችውን ወንበሬን ግን ለሰው እንዳይሰጡብኝ።

ልጅዎ
ከጥገናው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ኅዳር ፲፪ ቀን