ወንጌላዊትን ያደነቅኩበት ወር

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ከጎንደር አዘዞ ታክሲ ጠፍቶ ተገትሬ ቀረሁ። ደረስኩ ግን። ክፍለ ጊዜዬ አላመለጠኝም።

የነገው የስምንተኛ ክፍል ትምህርት «አድማየር» የሚለው ቃል ነው። መጽሐፉ «ማድነቅ» ብሎ አልፎታል። ይበቃል? አይበቃም። ከሰዓት የመምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ የቃሉን ዘመዶች ሰበሰብኩ። ሪስፔክት አለ፤ ማክበር። ግን የማላደንቀውንም ሰው አከብራለሁ፤ ለምሳሌ የትምህርት ክፍል ኃላፊያችንን መምህር ቢሻውን... ሉክ አፕ ቱ አለ፤ ታላቅን እንደ አርአያ ማየት። ኢስቲም አለ፤ ትልቅ ግምት መስጠት። የደብዳቤ ቃል ነው፣ ሰው አፍ ላይ አይቀመጥም። በእኛስ? ማድነቅ፣ መደነቅ፣ መገረም። እናቴ ደግሞ «አጀብ» ትላለች።

መምህር ቢሻው በዚህ ወር ክፍሌ ገብቶ ያየኛል። ቋሚ የምሆነው በእሱ ሪፖርት ነው። ይምጣ። በእኔ ክፍል ከእንግሊዝኛ በቀር ምንም አይነገርም፤ እኔም ጭምር። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አልለቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ደስ ብሎኛል።

«ማንን ታደንቃላችሁ? ለምን?» አልኩ። ስድሳ ልጅ መጽሐፉ ላይ አቀረቀረ። ቆይታ ወንጌላዊት ተነሳች። ከጠዳ የምትመላለስ የቄስ ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ከፊተኛው ወንበር አያልፍም። ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ጻፈች። ማክሰኝት ገበያ ጨው የምትሸጠውን ሴት አደንቃለሁ፤ ማንም ባያያትም መስፈሪያዋን ትሞላለች... አንድ ስህተት የለውም። ሌላው ልጅ የመጽሐፉን ምሳሌ ይገለብጣል፣ እሷ ከገበያ ሰው ይዛ መጣች።

አላስቻለኝም። እጇን ይዤ ወደ ክፍሉ አዞርኳት። ካስተማርኳቸው ሁሉ አንደኛ ናት፣ እንዲህ ያለ ጭንቅላት አይቼ አላውቅም አልኩ። በእንግሊዝኛ። አስጨበጨብኩላት። አንገቷን ደፋች። ያፈረች መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ወንጌላዊት ትናንትም ዛሬም የለችም።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

እናቷ መጡ። እትዬ እንኳየሁ ይባላሉ። በር ላይ አስጠሩኝ። ጫማዬን እንጂ ፊቴን አያዩም።

«ልጄን በሰው ፊት ያደነቅሻት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። በጣም ጎበዝ...»

«ተይ። አትድገሚው።»

ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ እየተንቀጠቀጠች ነው። ትኩሳት ነው። ጠበል እየወሰዷት ነው። ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አትመጣም። «ያ ሁሉ ልጅ አየብኝ» ብለው ሄዱ። ዘበኛው ሳይቀር አዘነልኝ።

ምን ማለት ነው? ልጅ ጎበዝ ነሽ ተባለች ተብሎ ትምህርት ታቆማለች? ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ትፈተናለች እኮ። ተናድጃለሁ። ዛሬ ሌላ መጻፍ አልችልም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ለእናቴ ነገርኳት። አብራኝ የምትናደድ መስሎኝ ነበር። እናቴ ሐዲጃ ግን ሐዲጃ ናት...

«ማሻአላህ ሳትዪ?»

«በእንግሊዝኛ ነው የማስተምረው፣ እማ።»

«እና አላህ እንግሊዝኛ አይሰማም?»

ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ጠፋ። የእህቴን ሕፃን ጎረቤት አቅፎ «ሲያምር» ሲል፣ ማሻአላህ እስኪል ድረስ ዓይኔን ከአፉ ላይ አነሳለሁ? አላነሳም። በቤቴ የማልፈቅደውን በሰው ልጅ ላይ አደረግኩ። ያውም ማስተማር መስሎኝ።

«ተያቸው፣ ይበርድላቸዋል» አለች እናቴ። አልተውም። ነገ ጠዳ እሄዳለሁ። አልሟገትም። ልጅቷ ግን ወደ ወንበሯ ትመለሳለች።

እሑድ፣ ኅዳር 7

መንገዱ ክፍት ነው ተባለ፣ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ደጃፋቸው ቆምኩ። አባቷ ቄስ ገብረ ኪዳን «ምነው እንግዳ ፀሐይ ላይ?» ብለው አስገቡኝ። ሥጋቸውን እንደማልበላ ያውቃሉና እርጎ አቀረቡልኝ። ጠጣሁ።

ወንጌላዊት መደብ ላይ ተኝታለች። ከንፈሯ ደርቋል። ልትነሳልኝ ሞከረች፣ እናቷ መልሰው አስተኟት።

«ከሷ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ» አሉ እትዬ እንኳየሁ። «ያየው ሁሉ ሸጋ፣ ሸጋ ይለዋል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ሞኝ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሄደ። ክፉ ነሽ አላልኩሽም፣ ልጄ። ዓይን ከሚጠላ ብቻ አይመጣም። ከሚወድም ይመጣል።»

መንገድ ላይ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ማድነቅ ውስጥ ፍቅር አለ፣ አክብሮት አለ ብዬ አስተምሬያለሁ። ፍርሃት አለ አላልኩም።

ያልኩት ይህን ብቻ ነው። «ጠበሉን አይተዉት። ደሟን ደግሞ ጤና ጣቢያ ይዩላት። አብሬያችሁ እሄዳለሁ።» እትዬ እንኳየሁ ፊታቸውን አዞሩ። ቄስ ገብረ ኪዳን ግን ሲያስቡ ቆይተው «ጠበሉም ይቀጥላል፣ ደሟም ይታያል» አሉ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

በዚህ ሳምንት ፈረቃዬ ከሰዓት ነው። ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ወባ ነው። መድኃኒት ጀመረች።

«አዩ እትዬ፣ ወባ እኮ ነው» አልኩ፣ የረታሁ መስሎኝ።

«ወባስ ድሮም ነበረ። ምነው በዚያው ቀን?»

ይሁን። ልጅቷ ትዳን እንጂ መርታት ይቅርብኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ትልቁን መዝገበ ቃላት ከቤተ መጻሕፍት ተበደርኩ። ተሳስቼ ነበር። ከአድማየር ዘመዶች መካከል ፍርሃት ያለባቸውም አሉ። ሪቪር፤ እየፈሩ ማክበር። «ኦ» የምትባል አጭር ቃልም አለች፤ ከመገረም ብዛት መፍራት። ፈረንጆቹም ያውቁታል ማለት ነው። ለልጆቹ ሳልነግራቸው ያለፍኩት እኔ ነኝ። ቀለል ያለውን መርጬ...

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው፣ ጠዳ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። እትዬ እንኳየሁ በቄሱ ስልክ ደወሉ። ትኩሳቱ ለቋታል። ሰኞ ትመጣለች።

ግን ቃል አስገቡኝ። በሰው ፊት አላደንቃትም። አላስጨበጭብላትም። በእኔ ክፍል ሌላ ሰውም አያደንቃትም። «ምዬልዎታለሁ» አልኩ። አላመነታሁም። ምን ይጎድልብኛል?

ሰኞ፣ ኅዳር 15

መጣች። ከስታለች። ያላየኋት መስዬ አለፍኩ። ከባድ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

መምህር ቢሻው ሳይነግረኝ ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ።

ትምህርቱ ጥሩ እየሄደ ነበር። በአድማየርና በኢንቪ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው አልኩ። ማድነቅና መቅናት። እጅ ያወጣች ወንጌላዊት ብቻ። ልዝለላት? አልችልም፣ ጠራኋት። ቀስ ብላ መለሰች። የምታደንቅ ከሆነ ያ ነገር ለሰውየው እንዲቆይለት ትፈልጋለህ፤ የምትቀና ከሆነ ከእሱ ወጥቶ ወደ አንተ እንዲመጣ ትፈልጋለህ።

ይህን ከየት አመጣችው? እኔ አላስተማርኩም። መዝገበ ቃላቱም እንዲህ አላለውም። የማድነቂያው ቃል አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። «ተቀመጪ» አልኩ። መምህር ቢሻው ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሳ አየሁት። «ወደሚቀጥለው መልመጃ» ብዬ አምባረቅኩ፣ ክፍሉ ሁሉ ደነገጠ። እጁን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

ቢሮ አስጠራኝ።

«እንዲያ የመለሰችን ልጅ ጎበዝ ማለት ያቅትሻል?»

«ለእናቷ ምያለሁ።»

«ይሄ የማስተማር ምክንያት ነው?»

ነገሩን ሁሉ አስረዳሁት፣ ወባውንም፣ የሞተውን ልጃቸውንም። ሰማኝ። ግን ሪፖርቱ ላይ ጻፈ። «ተማሪ አታበረታታም።» የሙከራ ጊዜዬ እስከ መጋቢት ተራዘመ። ታክሲ ውስጥ ትንሽ አለቀስኩ። ያቃጥላል፤ እኔ ነኝ ተማሪ የማላበረታታው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

አድሬም አልተጸጸትኩም። መጋቢት ላይ ይመለስና ይየኝ፣ የትም አልሄድም። ልጅቷ ዛሬም ወንበሯ ላይ ነበረች።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

መምህራን ክፍል የተባለ ነገር ተማሪ ጋ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ወንጌላዊት ሰምታ ለእናቷ ነግራለች።

ጠዋት እትዬ እንኳየሁ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ልጃቸውን ይዘው። ተማሪው በመሐላችን ይገባል።

«በእኛ ምክንያት ተጎዳሽ አሉ፣ ልጄ። ምነው ዝም አልሽ?»

«ምዬልዎት የለ? ደግሞ አልተጎዳሁም። ጊዜ ነው የተጨመረብኝ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሊሄዱ መሰለኝ። የወንጌላዊትን እጅ አጥብቀው ይዘው ከጎናቸው አቆሟት።

«በይ ያን ቀን የዋጥሽውን አሁን በዪው። እኔ እዚሁ አጠገቧ አለሁ።»

ልጆች ቆመው ማየት ጀመሩ። ዘበኛውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሰበሰብኳቸው ቃላት አንዱ እንኳ ትዝ አላለኝም።

«ጎበዝ ልጅ አለችዎት፣ እትዬ» አልኩ።

ጠበቅኩ። ጣቶቻቸው የልጅቷ እጅ ላይ ሲጠብቁ አየሁ። በነጠላቸው የሚሸፍኗት መሰለኝ። አልሸፈኗትም። በዙሪያችን የቆመውን ልጅ ሁሉ አንድ በአንድ አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«አዎ» አሉ። «አለችኝ።»