ለሁለት የተሳለው በሬ

መጋቢት 3 ቀን 1966

…ቡሬ ነበር እንጂ ቀይ አልነበረም። አባቴ ሲሸጠው አልቅሻለሁ። ወይስ ያለቀሰው ወንድሜ ነው? ችሎት ፊት ቆሜ የልጅነት በሬ ማስታወስ… ዳኛው «የደብሩ ነገረ ፈጅ አቶ ገሠሠ፣ አሉ ወይ?» ያሉት ለሁለተኛ ጊዜ ነው።

አለሁ። እስካሁን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰማን የሚባል የመስቃን ገበሬ አለ። ሚስቱ ከድጄ ምጥ ጠናባት። በሬውን ለማርያም ተሳለ። ምጡ አልገፋ ሲል ያንኑ በሬ ለመስጊዱም ተሳለ። ወለደች። መንታ! ስለዚህ አለቃ ባልቻ «የሰማችው የእኛዋ ናት፣ በሬው የደብሩ ነው» አሉ። የመስጊዱ ወኪል ሐጂ ሙሀመድሰይድ ደግሞ «የኛ ነው» አሉ።

ዳኛው ሰማንን «አንድ በሬ ለሁለት ትሳላለህ?» አሉት።

«ጌታዬ፣ ማን ቶሎ እንደሚሰማ በምን አውቄ?»

«ታዲያ ማን ሰማህ?»

«መንታ ነው እኮ የወለደችው…»

ችሎቱ ሳቀ። እኔ የአለቃን ፊት አይቼ አልሳቅሁም። በሬው ኤግዚቢት ነው ተባለ። እስኪፈረድ ፍርድ ቤቱ ግቢ ይታሰራል።

መጋቢት 4

የምኖረው ሐጂ ግቢ ውስጥ ነው። ተከራያቸው ነኝ። ስንከራከር ውለን አብረን ወደ ቤት እንገባለን፣ ሌላ መንገድ የለም።

ግድግዳውን አንኳኩ። «ገሠሠ! ዛሬ ጥሩ ተከራክረሃል፣ ማሻ አላህ። ያቺን ከፍትሐ ነገሥት የጠቀስካትን ግን አልገባችኝም።»

አስረዳኋቸው። በምሳሌ ጭምር። አመስግነው ቆጮ በጎመን ላኩልኝ። «ቅቤ አልነካውም፣ ጾምህን አውቃለሁ» ብለው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ በዚያችው ጥቅስ ሊመቱኝ ነው። ለምን አስረዳሁ?

መጋቢት 12

አለቃ አስጠሩኝ። አልተቀመጡም። እኔም አልተቀመጥኩም።

«ዘመኑን ታያለህ። ሚኒስትሮቹ ወረዱ። የአዲስ አበባ ካህናት እንኳ አደሙ ይባላል። አንድ በሬ ማስመለስ ካቃተን ማን ይፈራናል?»

«ልክ ነው አለቃ።»

«በሬው ከሄደ አንተም አብረኸው ትሄዳለህ።»

ስምንት ዓመት ደብሩን አገልግያለሁ። የመሬት ድንበር፣ የመቃብር ቦታ፣ የተሰረቀ ደወል… ሁሉን ረታሁ። ዕድሌ በሬ ላይ ተንጠለጠለ። ከነገረ ፈጅነት ሌላ ምን እችላለሁ? ዝርዝር ልጽፍ ብዬ ጀመርኩ። ባዶ ሆኖ ቀረ።

መጋቢት 17

ቀጠሮ። ዳኛው ሬዲዮ ሲሰሙ ዘግይተው ገቡ። «ዛሬ ለደብሩ ብፈርድ…» አሉ። አሰቡ። «ለመስጊዱ ብፈርድ ደግሞ…» አሉ። መስኮቱን አዩ። ለመጋቢት 25 ቀጠሩ።

መጋቢት 25

ለሚያዝያ 9 ቀጠሩ። አገሩ እስኪለይለት ይመስለኛል።

በሬው ወፍሯል። ጠዋት ዲያቆናት ድርቆሽ ያመጡለታል፣ ከሰዓት በኋላ የሐጂ ሰዎች የእንሰት ቅጠል። አንዱ ወገን ሌላው ከሚሰጠው አሳንሶ አይሰጥም። ቡታጅራ ውስጥ ከሁላችን የተሻለ የሚኖረው እሱ ነው። ዛሬ አየኝ። ምን ያውቃል?

መጋቢት 27



አርብ ነው፣ ገበያ። በሬው ገመዱን በጥሶ ለሽንት ቤት የተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። እግሩ ተሰበረ። ደረስኩ። ሐጂም የሚሸጡትን በርበሬ ጥለው ደረሱ፣ ጢማቸው ሁሉ ቀይ አቧራ። ሕዝቡ ተሰበሰበ።

«ሳይሞት እረዱት!» አለ አንዱ። ማንም ግን አልተጠጋም።

ሁሉም የገባው እኩል ነው። ክርስቲያን ካረደው ሙስሊም አይበላውም፣ ሙስሊም ካረደው ክርስቲያን አይቀምሰውም። ማን አረደው ማለት የማን ነው ማለት ነው። ዳኛው ወር ሙሉ እየቀጠሩ ያልወሰኑትን ቢላዋ በአንድ ጊዜ ይወስነዋል። ወደ ዳኛው ሰው ላክን። «አሞኛል በላቸው» አሉት። በመስኮት ሲያዩን አይቻቸዋለሁ። መጋረጃውን ለቀቁት።

ቢላዋው እጄ ገባ። ማን እንደሰጠኝ አላውቅም። «በሉ አቶ ገሠሠ! በስመ አብ ይበሉ! ደብርዎን አያሳፍሩ!» ይላል አንድ ባለሱቅ። እኔ ዶሮ እንኳ አርጄ አላውቅም። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ፋሲካ ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል። በጾም ማን ሊበላው? ይህን ጮክ ብዬ አሰብኩት መሰለኝ።

«ቋንጣ ታደርጉታላችሁ» አሉኝ ሐጂ። ተከራካሪዬ! እኔን የሚመክሩኝ!

በሬው ያቃስታል። ቢላዋውን ለሐጂ ዘረጋሁ።

«ነገረ ፈጅ ነህ። አስበህበታል?»

«ሐጂ፣ እየሞተ ነው።»

«ቢስሚላህ» ሲሉ ፊቴን አዞርኩ። ሰማን አጠገቤ ነበር። «ለማን ደረሰ አሁን?» አለኝ።

ሚያዝያ 1

«ቢላዋውን የሰጠህ አንተ ነህ?»

«አለቃ፣ በሬው እየተሠቃየ…»

«የበሬው ጠበቃ ነህ?»

በሩን ሊያሳዩኝ ሲሉ አፌ ሳላዘው «ቆዳው!» አለ። ቆዳ አይበላም። ቆዳ ለከበሮ ይሆናል። ደብሩ ቆዳውን ይጠይቅ! አለቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጡ።

ስድስት ገጽ ጻፍኩ። «ቢላዋ ሥጋን ይለያል እንጂ ቆዳን አይለይም።» በሕይወቴ እንዲህ ያለ አቤቱታ አልጻፍኩም። ፍርድ ቤት ገባ።

ሚያዝያ 6

ፋሲካ። ዶሮ ሌላ ሰው አረደልኝ።

ሚያዝያ 10

ትናንት ዳኛው እንደ ልማዳቸው ቀጠሩ። አቤቱታውን ጽፌም ተባረርኩ። ካህናቱ ተሰብስበው «ቢላዋ የሰጠ ሰው ቆዳ አይጠይቅም» አሉ። አቤቱታው ግን ጥሩ ነውና ይቀጥል አሉ። ያለ እኔ። መዝገቡን አስረከብኩ። ስምንት ዓመት በአንድ ቁምሳጥን አለቀ።

ሚያዝያ 14

ቅዳሜ አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች እኩልነት ጠይቀው ሰልፍ ወጡ። ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ነበሩ አሉ ከመኪና የወረዱት። ከተማው ስለዚህ ብቻ ያወራል።

ግድግዳው ተንኳኳ።

«ገሠሠ፣ ለመስጊዱ ነገረ ፈጅ እንፈልጋለን።»

«ሐጂ፣ እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ።»

«እናውቃለን። አስግድ አላልንህም፣ ጻፍ ነው ያልንህ።»

ጉዳዩን ጠየቅሁ። ወረቀት አመጡ። ስድስት ገጽ። የእጅ ጽሑፌ።

«ይቺን መልስልን። ሦስት ቀን አነበብናት። አሸንፋናለች።»

ሚያዝያ 15

ቀኑን ሙሉ ተቀመጥኩ። መልስ የላትም። የት ብገባ ቀድሞ ዘግቶብኛል። ይህን የጻፈው ሰውዬ ጎበዝ ነው። በጣም ነው የጠላሁት።

ሚያዝያ 16

ምንም።

ሚያዝያ 18

ዛሬ የመስጊዱ ሽማግሌዎች ሐጂ ቤት ተሰብስበዋል፣ መልሴን ሊሰሙ። ጫማዬን ደጃፉ ላይ አወለቅሁ። የግራው ካልሲዬ ተቀዷል። አውራ ጣቴ ከእኔ ቀድሞ ሊገባ ነው።

ዞር ስል አለቃ ባልቻ። ጃንጥላቸውን ይዘው አጥሩ ጋ ቆመዋል። እዚህ ግቢ መጥተው አያውቁም። ጣቴን አዩ። እኔም አየሁት።

«ገሠሠ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያንን አቤቱታህን ትናንት ደግሜ አነበብኩት። አራተኛው ገጽ ላይ ሰማን አንዱን ልጅ ክርስትና ሊያስነሣ ቃል ገብቷል ብለሃል። ገብቷል?»

አልገባም። ያን ቀን ገጹ እንዲሞላ ብዬ ነው የጻፍኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ፈልጌ ያጣሁትን ቀዳዳ አለቃ ራሳቸው…

«አለቃ፣ አልገባም።»

«አይተሃታል እንግዲህ።»

«አሁን አየኋት።»

ጃንጥላውን ከፈቱ፣ ዝናብ ግን የለም። መልሰው አጠፉት።

«ካህናቱን አነጋግሬአቸዋለሁ» አሉ። «ቦታህ ላይ ሰው አልተካንም። አራተኛውን ገጽ ሳታነሣ ካለፍካት… ገባህ?»

ገባኝ።

ከውስጥ የሐጂ ድምፅ መጣ። «ገሠሠ! ሰው ይጠብቅሃል። ግባ፣ በሩንም ዝጋው፣ ብርድ ይገባል።»

አለቃ አልሄዱም። አራተኛውን ገጽ ከሌሎቹ በላይ አደረግሁ። ገባሁና በሩን ዘጋሁት።