የሥራ አስኪያጁ ስንብት

ይድረስ ለወፍጮ ሸሪኬ፣

እኔና አንተ አንዲት ወፍጮ ማቆም አቅቶን ከሰርን። እዚህ ግን ትናንት ዝናብ ባረፍኩበት የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ቢያግተኝ፣ ፋብሪካ እየገነቡ በሚፎካከሩበት የሰሌዳ ጨዋታ የሁለት ከሰል ማውጫዎች ጌታ ሆኜ ዋልኩ። አይ እኔ ከበርቴው!

አብረውኝ የተጫወቱት የማረፊያው ባለቤት እትዬና ጎረቤታቸው ሽማግሌው ናቸው። ሽማግሌው ድሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፤ እትዬ ደግሞ እዚያው ሃያ ዓመት በሽመና ክፍል ሠርተዋል።

"ልጄ፣ ኢንዱስትሪ እውቀት ይጠይቃል" እያሉ ሲመክሩኝ ቆዩ ሽማግሌው። በዚያ ሁሉ እውቀት ሰሌዳው ላይ ፋብሪካ በፋብሪካ ሲደርቡ ከሰል አለቀባቸውና ከሰሩ። ትልቁን ፋብሪካቸውን እትዬ ገዙት።

"ሠራተኞቹንስ ምን ልታደርጊያቸው ነው?" አሉ ሽማግሌው ለቀልድ።

"ሠራተኞቹ ይቆያሉ። እርስዎ ግን ተሰናብተዋል" አሉ እትዬ፣ ፈገግም ሳይሉ። "እኛን በር ላይ በለጠፉት ወረቀት ነበር ያሰናበቱን። እኔ ፊት ለፊት ነገርኩዎ።"

የሽማግሌው ጆሮ ቀላ። ባርኔጣቸውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት። "ያኔ ዓይናችሁን ማየት ፈርቼ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

እትዬ ሻይ ቀዱላቸው።

ዛሬ ጠዋት ሽማግሌው ከረባት አስረው መጡና "ሥራ ፈት ነኝ፤ ክፍት ቦታ ይኖራል?" አሏቸው። እትዬ ከት ብለው ሳቁና መጥረጊያ አቀበሏቸው። ይኸው በረንዳውን እየጠረጉ ነው፤ እንደ እውነቱ ከሆነ አይችሉበትም።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ጠበበኝ። የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ፣ ልጆቹን አገላብጠህ ሳማቸው። አንተን ራሴ መጥቼ እስምሃለሁ።

ያንተው መንገደኛ