ባለቤቱ የት አለ?

ጥር 6

አሮጌው የእንፋሎት ማሽን ዛሬ ተሸኘ። አራት ሰዎች ተሸክመው አወጡት። ሃያ አንድ ዓመት የሐኪሞቹን መቀስና መቆንጠጫ የቀቀልኩበት... እስከ በሩ ተከተልኩት። አዲሱ ገና ከካርቶኑ አልወጣም። ጽሑፉ ሁሉ እንግሊዝኛ።

አለቃ ሰበሰበን። ማሽኑን የሚረከበው መመሪያውን አንብቦ ለሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ ማስረዳት የሚችል ሰው ነው አለ። ፈተናው የካቲት 6። ያልቻለ ወደ አንሶላ ማጠፊያ ክፍል ይዛወራል። ይህን ሲል ዓይኑን ጣል አደረገብኝ።

አንሶላ ላጥፍ? በዚህ ዕድሜዬ? ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ሄጄ ለአሥራ አንድ ሰዓቱ የጎልማሶች እንግሊዝኛ ክፍል ተመዘገብኩ።

ጥር 9

በዕድሜ ክፍሉን እመራለሁ። መምህሩ ከልጄ ያንሳል። ስለ ሥራችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ አለ። «ኢዝ ሆት» ብዬ ጻፍኩ። ሞቃት ነው። ምን ይጎድለዋል?

ደብተሬን አየና «ባለቤቱ የት አለ?» አለኝ።

«ከሞተ ስድስት ዓመቱ» አልኩት።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ የሚገባበት ጠፋው። ለካ የጠየቀው የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ኖሯል! እንግሊዝኛ ባለቤቱ ከፊት ካልቆመለት አይንቀሳቀስም አሉ። የእኛ ግሥ ግን ባለቤቱን በሆዱ ይዞ ይዞራል። «መጣች» ካልኩ በቃ፣ መጣች ነው። ይሄን ማስታወሻ ወደ ኋላ አነበብኩት። «እኔ» የሚል ቃል የለበትም። ሥራው ሁሉ ተሠርቷል፣ ሠሪዋ የለችም።

ባልዬው ቢሰማኝ ኖሮ እንዴት ይስቅ ነበር።

ጥር 15

አራት ዓይነት ዓረፍተ ነገር አለ አለ መምህሩ። የሚናገር፣ የሚጠይቅ፣ የሚያዝ፣ የሚደነቅ። እንግሊዝኛም ቢሆን ሲያዝ ባለቤቱን ይደብቃል። አምጣ፣ ዝጋ፣ ጥረግ... ማን? አይነገርም።

አለቃን አሰብኩ። ሰውየው ከጠዋት እስከ ማታ ትእዛዝ ነው። ለካ ለዚህ ነው የማንንም ስም የማይጠራው።

ጥር 19

ጥገኛ ሐረግ። «ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩና አራት ነጥብ አደረግኩ። «ስለሆነ ምን?» አለኝ መምህሩ። ብቻውን አይቆምም፣ ዋናውን ሐረግ ይፈልጋል።

ቤት ስገባ ወንድሜ ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል። እኛ ዘንድ ሦስት ዓመቱ። «ሥራ እንዳገኘሁ...» ብሎ ጀመረ እንደ ልማዱ። እንዳገኘህ ምን? አልኩት። ልጄ በሳቅ ሞተች። ዋናው ሐረግ ዛሬም አልመጣም።

አንድ ነገር ልያዝ፦ በእኛ ዋናው መጨረሻ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ግን ዋናውን አስቀድሞ ቅድመ ሁኔታውን ከኋላ ሊጎትት ይችላል። እስከ ጥግ ያላነበበ ጉድ ይሆናል።

ጥር 23

ራት ሳልበላ ነው የምጽፈው።

አዲሱ ማሽን ትናንት ሥራ ጀመረ። ትናንት በሩን ሲከፍቱ ሲዘጉ የዋሉት ማሽኑን የገጠሙት ባለሙያዎች ናቸው። እነሱ ሲሄዱ አለቃ መመሪያውን ተርጉሞ በሩ ላይ ለጠፈልን፦ «አረንጓዴው መብራት ከበራ በሩን አትክፈቱ።» ዛሬ ረፋድ ላይ ዝምተኛዋ ባልደረባዬ አረንጓዴው አለመብራቱን አየች፣ ከፈተች። እንፋሎቱ እጇን ላጠው። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ በቀን አሥር ቃል አትናገርም፤ ዛሬም አልጮኸችም።

አለቃ ማሽኑን አስቆመ። ከዚያ «በቸልተኝነት» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈባት። ከዚህ በፊት አንድ አለባት። ሦስተኛ ከመጣ ከሥራ መውጣት ነው።

«ወረቀቱ ያለውን ባደርግ...» አለችኝ ፋሻውን እያየች። ዋናውን ሐረግ ዋጠችው።

ጥር 28

«አንለስ» የምትባል ቃል መጣች። መምህሩ ሦስቴ አስረዳ፣ ሦስቴም ማንም አልገባውም። እጄን አወጣሁ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንደሚባለው ናት? አልኩት። ቾኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እናቴ፣ ከነገ ጀምሮ እርስዎ ያስተምሩ» አለኝ።

አንለስ ማለት «ካል» ናት። ከናቁ ሳይሆን ካልናቁ። አንዲት ል መካከል ገብታ ነገሩን ትገለብጠዋለች። ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ ቆምኩ። ይቺን ቃል የሆነ ቦታ አይቻታለሁ... ማሽኑ ላይ!

ጥር 29

ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። ከአለቃ ወረቀት ሥር የፋብሪካው ጽሑፍ አለ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። መጀመሪያ ትእዛዙ፦ በሩን አትክፈቱ። ከዚያ አንለስ። ከዚያ አረንጓዴው መብራት።

አረንጓዴው ካልበራ በሩን አትክፈቱ! አለቃ ል-ን ውጧታል። የዝምተኛዋ ጥፋት መታዘዟ ነው።

ለአለቃ ለብቻው ነገርኩት፣ በትህትና። ወረቀቱን ገንጥሎ ኪሱ ከተተ። ደብዳቤውስ? አልኩት።

«ፈተናውን ማለፍ ከፈለግሽ ዝም በይ።»

ቅድመ ሁኔታው ከፊት፣ ትእዛዙ ከኋላ፣ ባለቤቱ የተደበቀ። ሰዋስዉ እንከን የለውም።

የካቲት 2

ዝምተኛዋ በግራ እጇ ትሠራለች። ማሽኑን እወደዋለሁ፣ አልዋሽም። ግን እንዲህ ተረክቤው እሷን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

የካቲት 6

ሥራ አስኪያጇ መሃል፣ አለቃ ከጎኗ። «ከመመሪያው የፈለጉትን መስመር አንብበው ያስረዱን» አለችኝ። የፈለግኩትን? እሰይ። ያቺኑ መስመር አነበብኩ። ዋናውን ከጥገኛው ለይቼ አሳየኋት። ከዚያ ል-ዋ ስትጎድል ምን እንደሚሆን፣ ማስታወቂያው ምን ይል እንደነበር፣ የማን እጅ እንደተቃጠለ... ሁሉን ዘረዘርኩላት።

«ማነው የጻፈው?» አለች።

መመሪያውን ዘጋሁ። ባለቤቱ እዚያው ተቀምጧል። አለቃ ከወንበሩ ተነሳ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ።

ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ከአፉ «እኔ» ሲወጣ መስማቴ የመጀመሪያዬ ነው። አሳዘነኝ፣ ምን ላድርግ።

የካቲት 11

የዝምተኛዋ ደብዳቤ ተሰረዘ። ማሽኑን ተረከብኩ። አዲሱን ማስታወቂያ በእጄ ጻፍኩ፣ ል-ን በቀይ። አለቃ መጥቶ ሁለት ጊዜ አነበበው። ሲወጣ በስሜ ጠርቶ ደህና ዋይ አለኝ።

ረፋድ ላይ አረንጓዴው በራ። ዝምተኛዋ እጇን ከኋላዋ ደብቃ ቆማለች።

«ማን ይክፈተው?» አለችኝ።

«እኔ» አልኳት።

መምህሩ ቢሰማ ግሥ የለውም ይለኛል። ባለቤት ግን አለው።